ቁጥር የሌለው ድንጋይ፦ ምላጭን በጃፓን የተፈጥሮ ድንጋይ እንዴት እንስላለን

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ምላጭ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በወረቀት ተጠቅልሎ ከሱቅ የሚገዛውን ስስ ነገር ነው፤ ፀጉር ቤት ደግሞ ያንኑ ለሁለት ሰብረው መያዣ ውስጥ ይከቱታል። እኔ የማወራው ስለ እሱ አይደለም። ስለ ታጣፊው ምላጭ ነው፦ ጀርባው ወፍራም፣ አፉ ስስ፣ እንደ ሰንጢ እጀታው ውስጥ የሚታጠፈው። ሲደነዝ አይጣልም፣ ይሳላል።

ሁለተኛው ነገር ድንጋዩ ነው። ፋብሪካ የሠራው መሳያ ድንጋይ ቁጥር አለው፤ 1000፣ 5000፣ 8000 እያለ ይቀጥላል፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ድንጋዩ ይልማል። ከጃፓን ተራራ ተቆፍሮ የወጣው ግን ቁጥር የለውም። ሻጩ «ይሄ እንደ 10000 ነው» ካላችሁ ግምቱን ነው የነገራችሁ። ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚያለሰልስ የሚወስነው በላዩ ያለው ጭቃ (ሲፈተግ ከራሱ የሚወጣው)፣ የጨመራችሁት ውሃና የእጃችሁ ክብደት ነው። ያው አንዱ ድንጋይ ጭቃው ሲወፍር ብረት ይበላል፣ ጭቃው ሲቀጥን ደግሞ ያለሰልሳል። ይህን እስክረዳ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ሁሉ በድንጋዩ ላይ ስጭን ኖርኩ።

ድንጋዩ ከየት ይመጣል?

ለምላጭ የሚፈለገው ዓይነት በጃፓንኛ አዋሴዶ ይባላል፤ የማጠናቀቂያ ድንጋይ እንደማለት ነው። ስመ ጥሩዎቹ የሚወጡት ከኪዮቶ ከተማ በስተምዕራብና በሰሜን ምዕራብ፣ በአታጎ ተራራ አካባቢ ካሉ የድንጋይ ማውጫዎች ነው። ናካያማ፣ ኦዙኩ፣ ኦኩዶ፣ ሾቡዳኒ፣ ኦሂራ የሚሉ ስሞች ስታዩ የማውጫዎቹ ስም መሆኑን እወቁ። ድንጋዩ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ጥልቅ ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ደለል ነው። በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ከደቃቅ ሸክላ ጋር ተጨፍልቆ ድንጋይ ሆነ። ጠንካራ ደቃቅ ቅንጣት በለስላሳ ሸክላ ታቅፎ ስለሚገኝ ሲፈተግ ቅንጣቱ ይለቅና ጭቃ ይሆናል፤ ብረቱን የሚስለውም በብዛት ያ ጭቃ ነው። የጃፓን ሰይፍ አጽጂዎች በመጨረሻው ሥራቸው የሚጠቀሙበት ኡቺጉሞሪ የሚባለው ድንጋይም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ማውጫዎቹ አብዛኞቹ ተዘግተዋል፤ የዋጋው ነገር ከዚህ ይመጣል።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ? ለምላጭ ጠንካራ ድንጋይ ይመረጣል። ሻጮች ጥንካሬውን በ5 ደረጃ ይነግሯችኋል፤ 5 ወይም ለእሱ የተጠጋ ፈልጉ። ቶማኤ ከሚባለው ንብርብር የወጣ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለምላጭ በብዛት የሚታመነው እሱ ነው። ሙሉ መጠን ያለው 205 በ75 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ውድ ነው፣ ደግሞም አያስፈልጋችሁም። ኮፓ የሚባሉ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ትንንሽ ቁራጮች አሉ፤ ለምላጭ ይበቃሉ፣ ዋጋቸውም በጣም ዝቅ ይላል። ፊቱ ላይ ያለው ጥለት፣ ቁራ የሚመስለው፣ ሎተስ አበባ የሚመስለው፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው... ያምራል እንጂ አይስልም። ድንጋዩ ላይ የተመታው ማህተምም እንዲሁ። ሐሰተኛ ማህተም መምታት ቀላል ነው።

ዋናው አደጋ መስመር ነው። የድንጋዩን ፊት የሚያቋርጥ ቀጭን መስመር ሁሉ ክፉ አይደለም፤ አንዳንዱ ቀለም ብቻ ነው። አንዳንዱ ግን ከድንጋዩ የሚጠነክር ባዕድ ነገር ይዟል፣ የስለቱን ጫፍ ይሸርፋል። የመጀመሪያ ድንጋዬ እንደዚያ ነበር። ፎቶው ላይ መስመሩ አይታይም፣ ሻጩም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ምላጩን በሳልኩት ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ጥርስ ያወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት እርጥብ ሆኖ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ፤ መስመር ሲረጥብ ይጎላል። እጃችሁ ከገባ ደግሞ ጥፍራችሁን በመስመሩ ላይ አሳልፉ። ጥፍር ከያዘ ስለትም ይይዛል።

የሚያስፈልጉት

ደህና ምላጭ፣ ቁጥር 1000 የፋብሪካ ድንጋይ፣ ቢቻል ሌላ 4000 ወይም 5000፣ የጃፓኑ ድንጋይ፣ ቁጥር 1200 የአልማዝ ሰሌዳ፣ ከዋናው ድንጋይ ጋር የሚመሳሰል ትንሽ ቁራጭ (ቶሞ ናጉራ ይሉታል፣ ጭቃ ማውጫ ነው)፣ ውሃ መርጫ፣ ማርከር፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተር፣ አጉሊ መነጽር፣ የምላጭ ማበሻ (ስለቱ በመጨረሻ የሚታሽበት ጨርቅና ቆዳ)፣ ጥሩ መብራት። ምላጩን ስትመርጡ አሮጌ መሆኑ አያስፈራችሁ። የሚያስፈራው ስንጥቅ፣ እስከ ስለቱ የደረሰ ጥልቅ ዝገትና በአንድ በኩል ብቻ ተበልቶ ያለቀ ጀርባ ነው። እነዚህን ካያችሁ ተዉት፣ መማሪያ አይሆንም።

አንድ ቃል እንስማማ። ከስለቱ ግራና ቀኝ ያለችውን፣ ድንጋዩ የሚነካትን ጠባብ ገጽ ተዳፋት እላታለሁ። ሁለቱ ተዳፋቶች የሚገናኙበት መስመር ስለቱ ነው። በቃ፣ ሥራው ሁሉ ሁለቱን በደንብ ማገናኘትና ከዚያ ማለስለስ ነው።

አንድ፦ ድንጋዩን ማዘጋጀት

ፊቱን በእርሳስ መረብ አስመስላችሁ አስምሩ። የአልማዙን ሰሌዳ አርጥባችሁ የእርሳሱ መስመር ሁሉም ቦታ እኩል እስኪጠፋ ፈትጉ። መሃሉ ላይ መስመር ከቀረ ድንጋዩ ጎድጉዷል ማለት ነው፣ ቀጥሉ። ጠርዙንና ማዕዘኑንም በሰሌዳው አዙራችሁ አለዝቡ፤ ሹል የድንጋይ ጠርዝ ምላጩን ይሸርፈዋል። ጎኖቹን በቨርኒሽ ወይም በጥፍር ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡ፣ ፊቱን ሳትነኩ። ድንጋዩ ንብርብር ስለሆነ ውሃ በጎኑ ከገባ ቀስ እያለ ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። ከላይ ማርጠብ ይበቃዋል።

የአልማዙ ሰሌዳ አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ሌላ ተራ ድንጋይ ላይ በደንብ አሠሩት። አዲስ ሰሌዳ ላላ ያለ የአልማዝ ቅንጣት ሊጥል ይችላል፤ አንዷ ቅንጣት ጭቃው ውስጥ ከገባች የሠራችሁትን ሁሉ ትጭረዋለች።

ሁለት፦ ጀርባውን መጠበቅ

የታጣፊ ምላጭ ትልቁ ብልሃት ማዕዘኑን ራሱ መያዙ ነው። ጀርባውና ስለቱ ሁለቱም ድንጋዩን ነክተው ይተኛሉ። ጀርባው 5 ሚሊሜትር ቢወፍር፣ ከጀርባ እስከ ስለት 17.5 ሚሊሜትር ቢሰፋ፣ የስለቱ ማዕዘን ወደ 16 ዲግሪ ይሆናል። ለቢላ የሚጨነቀው ሰው ሁሉ የሚለፋበትን ማዕዘን ምላጭ ሠሪው አስቀድሞ ሠርቶላችኋል። የእናንተ ድርሻ ጀርባውን ከድንጋዩ አለማንሳት ብቻ ነው። አንዴ እንኳ ብድግ ካለ ስለቱ ይደነዝዛል።

ጀርባው እንዳይበላ አንድ ድርብ ፕላስተር መለጠፍ ትችላላችሁ። ማዕዘኑን በ1 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ ችግር የለውም። ግን በፕላስተር ከጀመራችሁ በፕላስተር ጨርሱ፤ መሃል ላይ ከላጣችሁት ድንጋዩ ስለቱን ሳይሆን የተዳፋቱን ጀርባ ነው የሚነካው። ሲሳሳ በአዲስ ቀይሩት።

ሦስት፦ በ1000 ተዳፋቱን ማቆም

ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ነው፣ የሚበላሸውም እዚህ ነው። የጃፓኑን ድንጋይ ለመንካት ስለምንጓጓ 1000 ላይ አምስት ደቂቃ ቆይተን እናልፋለን፣ ከዚያ ምላጩ ፊታችንን ሲነጭ ድንጋዩን እናማለን። ማጠናቀቂያ ድንጋይ ያልተሠራ ተዳፋት አይሠራም። በፍጹም።

ተዳፋቶቹን በማርከር ቀቡ። ምላጩን አስተኝታችሁ ስለቱ ወደፊት እየቀደመ ሁለት ሦስት ጊዜ ግፉና እዩ። ቀለሙ የጠፋበት ቦታ ድንጋዩ የነካው ነው። ስለቱ መስመር ላይ ቀለም ከቀረ ገና ነው። የምላጩ ጫፍ ላይ ወይም ተረከዙ (በእጀታው በኩል ያለው የስለቱ ዳር) ላይ ብቻ ከቀረ ደግሞ ምላጩ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ግፊታችሁን ወደዚያ አዙሩ። አብዛኞቹ አሮጌ ምላጮች ትንሽ የተጣመሙ ወይም እንደ ፈገግታ የጎበጡ ናቸው፣ አትደንግጡ።

አሁን በአንድ ጎን 20 ጊዜ ወዲህና ወዲያ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ በሌላው ጎን 20። ግፊቱ መጠነኛ ይሁን፣ ጣታችሁ ምላጩ ላይ አርፎ እንጂ ተጭኖ አይደለም። ይህን ደጋግሙ። ከዚያ ወደ ዲያጎናል አካሄድ እለፉ፦ ስትጀምሩ ተረከዙ ድንጋዩ ላይ ነው፣ እየገፋችሁ ምላጩን ወደ ጎን ትስቡታላችሁ፣ ስትጨርሱ ጫፉ ነው ድንጋዩ ላይ የሚቀረው። በዚህ አካሄድ እያንዳንዱ የስለቱ ክፍል እኩል ድንጋይ ያገኛል። የጎበጠ ምላጭ ከሆነ እየገፋችሁ በትንሹ ታንከባልሉታላችሁ፣ ኩርባውን ተከትላችሁ።

ማለቁን በሦስት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራት ሥር ቀጥ ብላችሁ ተመልከቱት። ስለት ብርሃን አያንጸባርቅም፤ አንዲት ነጥብ እንኳ ብልጭ ካለች እዚያ ጋ ሁለቱ ተዳፋቶች አልተገናኙም። ሁለተኛ፣ በአጉሊ መነጽር ጭረቱ እስከ ስለቱ መስመር መድረሱን እዩ። ሦስተኛ፣ የክንዳችሁን ፀጉር ቆዳው አጠገብ መላጨት አለበት፣ ከተረከዝ እስከ ጫፍ፣ እያንዳንዱ ክፍል። አንድ ቦታ ከዘለለ ተመለሱ። እኔ አንዳንዴ ለአንድ አሮጌ ምላጭ እዚህ ደረጃ ላይ አንድ ሰዓት እጨርሳለሁ።

አራት፦ መሃለኛው ደረጃ

የ1000ው ጭረት ጥልቅ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ማጠናቀቂያ አይኬድም። ሁለት መንገድ አለ። ባህላዊው መንገድ ሚካዋ ናጉራ የሚባሉትን ከአይቺ ግዛት የሚወጡ ነጭ ድንጋዮች በጃፓኑ ድንጋይ ላይ እየፈተጉ ጭቃ ማውጣት ነው። ቅደም ተከተላቸው ቦታን፣ ተንጆ፣ መጂሮ፣ ኮማ ነው፤ ቦታን ሻካራው፣ ኮማ ልሙ። በእያንዳንዱ መሃል ድንጋዩም ምላጩም ይታጠባል። ቆንጆ ሥራ ነው፣ ግን ጥሩዎቹ ናጉራዎች ዋጋቸው የሚያስቅ አይደለም። ለጀማሪ የምመክረው 4000 ወይም 5000 የፋብሪካ ድንጋይ ነው። 40 ያህል የዲያጎናል ግፊት፣ ግፊቱን እየቀነሳችሁ፣ የ1000ው ጭረት በአጉሊ መነጽር እስኪጠፋ። አልቋል።

ምላጩንና እጃችሁን ታጠቡ። የቀደመው ድንጋይ ቅንጣት ወደሚቀጥለው አይሂድ።

አምስት፦ ጭቃው

አሁን የጃፓኑ ድንጋይ። ፊቱን አርጥቡት፣ ቶሞ ናጉራውን ይዛችሁ በትንንሽ ክብ ፈትጉ። ድንጋዩ በጣም ጠንካራ ሆኖ እምቢ ካላችሁ በደንብ ያገለገለ የአልማዝ ሰሌዳ ተጠቀሙ፣ በጣም በቀላሉ። ጭቃው እንደ ወተት እስኪሆን ነው። እንደ እርጎ ከወፈረ ምላጩ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ስለቱም ቅንጣቱን ፊት ለፊት ስለሚጋጭ ይዶለዱማል። ውሃ ጨምሩበት።

የመጀመሪያዎቹን 30 ወይም 40 ግፊቶች በቀላል ግፊት ሂዱ። የማይዝግ ብረት ካልሆነ ጭቃው ግራጫ፣ ከዚያ ጠቆር እያለ ይሄዳል። ጥቁረቱ ከምላጩ የተበላ ብረት ነው፣ ሥራ እየሠራ ነው ማለት ነው። ጭቃው ጨርሶ ሳይጠቁር ከቀረ ወይ ግፊታችሁ ከመጠን በላይ ቀሏል ወይ ምላጩ ድንጋዩን በደንብ አልነካም።

ከዚያ ማቅጠን ይጀመራል፣ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ ጣል ታደርጋላችሁ፣ 20 ጊዜ ትገፋላችሁ። እንደገና ጠብታ፣ እንደገና 20። ጭቃውን አትጠቡት፣ እያሳሳችሁት ብቻ ሂዱ። ወተቱ አጓት ይሆናል፣ አጓቱ ደግሞ ትንሽ የደፈረሰ ውሃ። ጭቃው ሲፈተግ ቅንጣቱም አብሮ እየደቀቀ ይሄዳል፣ ውሃው ደግሞ ያራርቀዋል፤ ሁለቱ ተባብረው ጭረቱን ያለሰልሱታል። ግፊታችሁም አብሮ ይቀንስ፣ መጨረሻ ላይ የምላጩ የራሱ ክብደት ብቻ ይቅር። ድንጋዩ እንዲደርቅ አትፍቀዱ፣ በደረቀ ጭቃ ላይ የተገፋ ምላጭ ይጫጫራል። እኔ ከመጀመሪያው ጭቃ እስከ ንጹሕ ውሃ 15 ወይም 20 ደቂቃ እወስዳለሁ። ሬዲዮ ከፍቼ።

እዚህ ላይ ጆሮና እጅ ከዓይን ይበልጣሉ። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ድምፅ ሻካራ ሹክሹክታ ነው። እየቀጠነ ሲሄድ ድምፁ ይጠፋል፣ ምላጩም ድንጋዩን ሙጭጭ ብሎ መያዝ ይጀምራል፣ እንደ እርጥብ መስታወት በመስታወት ላይ። ያ መያዝ በሙሉ ርዝመቱ እኩል ከተሰማችሁ ተዳፋቱ ጠፍጣፋና ልሙጥ ሆኗል።

ስድስት፦ በውሃ ብቻ

ድንጋዩንና ምላጩን አለቅልቁ። ንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ከ20 እስከ 30 የዲያጎናል ግፊት፣ ምንም ክብደት ሳታሳርፉ። ድንጋዩ ጠንካራ ከሆነ ይህ እርምጃ ስለቱን ከፍ ያደርገዋል። ለስለስ ያለ ድንጋይ ከሆነ ግን በውሃም ቢሆን ራሱ ጭቃ ያወጣል፣ እዚያ ብዙ አትቆዩ። አንዳንዱ ድንጋይ ጥቂት ጭቃ ቀርቶ ሲጨረስ ይበልጥ ለፊት የሚመች ስለት ይሰጣል። የእናንተ ድንጋይ የትኛው እንደሆነ በሁለቱም ጨርሳችሁ፣ ተላጭታችሁ እወቁ። ለዚህ ሌላ ዘዴ የለም፣ ማንም ከሩቅ ሊነግራችሁ አይችልም።

ሰባት፦ ፈተናና ቆዳ

የተነቀለ ፀጉር በጣት ይዞ ስለቱ ላይ መጣል የታወቀ ፈተና ነው፤ ፀጉሩ ሲነካ ከተቆረጠ ደስ ይላል። ግን የአንዱ ሰው ፀጉር ወፍራም፣ የሌላው ስስ ስለሆነ ሁሌም የአንድን ሰው ፀጉር ተጠቀሙ፣ ውጤቱንም ከትናንት ውጤታችሁ ጋር ብቻ አወዳድሩ። ፀጉር ቆርጦ ፊት የሚያቃጥል ምላጭ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ማበሻው። 20 ወይም 30 ጊዜ በጨርቁ፣ 50 ጊዜ በቆዳው። እዚህ አቅጣጫው ይገለበጣል፦ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ስትመለሱ ምላጩን በጀርባው ላይ አገላብጡት፣ በስለቱ ላይ ፈጽሞ አይደለም። ቆዳውን ወጥሩት፣ ካላላችሁት ስለቱ ይዶለዱማል። አትፍጠኑ። ፊልም ላይ የሚታየውን ፍጥነት ልሞክር ብዬ አዲስ ቆዳ መሃሉ ላይ ሰንጥቄዋለሁ፣ በገዛሁት በሳምንቱ።

ስምንት፦ ፊት ላይ

ሙቅ ውሃ፣ ብዙ የሳሙና አረፋ፣ ቆዳውን በሌላው እጅ ወጠር፣ ምላጩ ከቆዳው ወደ 30 ዲግሪ ያዘነበለ። መጀመሪያ ጉንጭ ብቻ ሞክሩ፤ አገጭና ጉሮሮ ለሌላ ቀን ይቆይ። ጺማችሁ እንደ ብዙዎቻችን ጥቅልል ከሆነ ደግሞ ፀጉሩ በሚበቅልበት አቅጣጫ ብቻ ላጩ። ተቃራኒውን ሄዳችሁ ከሥሩ ስትቆርጡት ጫፉ ተጠቅልሎ ቆዳው ውስጥ ይገባና ያ የምናውቀው እብጠት ይመጣል። የምላጩ ስለት ቢያምርም ይህን አያስቀረውም። ምላጩን ለማንም አታውሱ፣ ከማንም አትዋሱ፤ ደም የነካ ስለት በሽታ ያስተላልፋል። አሮጌ ምላጭ ከገዛችሁም ፊት ከመንካቱ በፊት በደንብ ታጥቦ በአልኮል ይጸዳ።

ካልሠራስ?

የሚጎትት ከሆነ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ጥፋቱ 1000 ላይ ነው፣ ተመለሱ። ስል ሆኖ የሚያቃጥል ከሆነ ወይ ጭቃውን ሳታቀጥኑ ጨርሳችኋል፣ ወይ መጨረሻ ላይ ተጭናችኋል፤ ከጭቃው ደረጃ እንደገና ጀምሩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚነጭ ከሆነ ያንን ቦታ በአጉሊ መነጽር እዩት፣ ሽርፍ ካለ በ1000 እስኪጠፋ ይሳላል፣ ሽርፉ እዚያው ቦታ ደጋግሞ ከመጣ ድንጋዩን መርምሩ፣ መስመር ይኖረዋል። ለሦስት ሳምንት ስለት እምቢ ያለኝ አንድ ምላጭ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ያወቅሁት ፕላስተሩ አንድ ጫፍ ላይ ተበልቶ እንደነበር ነው።

ስትጨርሱ ድንጋዩን እጠቡት፣ በጥላ ይድረቅ። ፀሐይ ላይም ማሞቂያ አጠገብም አታስቀምጡት፣ ብርዱ የሚከብድበት አገር ያላችሁ ደግሞ እርጥብ ሆኖ ውሃው ውስጡ በረዶ አይሁንበት። ምላጩን አድርቁት፣ እጥፋቱ ውስጥ ያለችውን ጠብታ ጭምር፣ ለጥቂት ቀን ካልነካችሁት ስስ ዘይት ቀቡት። ስለቱ መደንዘዝ ሲጀምር፣ እኔ በየሁለት ወሩ ገደማ ነው፣ ወደ 1000 አትመለሱ። ቀጭን ጭቃ፣ 30 ግፊት፣ ከዚያ በውሃ 20፣ ከዚያ ቆዳ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።